የማኅበር መሪ ከማረሻው በታች ያለውንም ምድር ይወቅ

ከግብርና ኤክስቴንሽን ዘጋቢ፣ ተፍኪ

ገበሬ መሬቱን ያውቃል ሲባል የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። የተፍኪ ገበሬ መረሬው መቼ እንደሚታረስ፣ ሽምብራ በየትኛው ሳምንት እንደሚዘራ፣ ጤፍ የት ቦታ ላይ እንደሚጋሽብ ከማንም ባለሙያ ይልቅ አሳምሮ ያውቃል። ይሁን እንጂ ይህ ዕውቀት ማረሻ ከሚደርስበት ጥልቀት ብዙም አያልፍም። ከዚያ በታች ያለው ምድር ምን ዓይነት ነው? ውሃው በየት በኩል ያልፋል? ጥቁሩ ድንጋይ ከየት መጣ? ምን ያህል ይወርዳል? ተብሎ ሲጠየቅ መልሱን የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ሥፍራ የመጣ ሰው ነው። ይኸውም ጉድጓድ ቆፋሪው፣ የካባው ባለቤት ወይም የመንገድ ተቋራጩ ነው። እነዚህ ሰዎች ሁሉ የየራሳቸው ጥቅም ያላቸው በመሆኑ መልሳቸው ከጥቅማቸው ጋር አብሮ ቢሄድ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ሐሳብ ለማቅረብ እንፈልጋለን። የገበሬ ማኅበራት መሪዎች የየአካባቢያቸውን ሥነ ምድር ወይም በተለምዶ ጂኦሎጂ የሚባለውን ዕውቀት የሚያስተዋውቅ አጭር ኮርስ ሊሰጣቸው ይገባል። ኮርሱም በአዳራሽ ተቀምጦ የሚያልቅ ሳይሆን በእግር እየተሄደ፣ ድንጋዩ እየተነካ፣ አፈሩ እየተቆፈረ የሚሰጥ መሆን አለበት።

የማኅበሩ መሬት በስፋት ተለካ፣ በጥልቀት ግን አልታየም

የገበሬ ማኅበራት በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የታወጀውን የገጠር መሬት አዋጅ ተከትለው ሲቋቋሙ አንድ ማኅበር ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር መሬት እንዲያቅፍ ተደንግጎ ነበር። ዛሬ የዚያ ዘመን ማኅበር ሥራ ከፊሉ ለቀበሌ አስተዳደር፣ ከፊሉ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ተላልፏል። ቢሆንም «የገበሬ ማኅበር» የሚለው መጠሪያ ከሰው አፍ አልጠፋም። እኛም የማኅበር መሪ ስንል በቀበሌም ሆነ በኅብረት ሥራ ማኅበር የገበሬውን አደራ የተሸከመውን ሰው ሁሉ ማለታችን ነው።

ያ 800 ሄክታር ሲለካ የተለካው በስፋቱ ብቻ ነው። ወሰኑ በጋሻ ሲቆረጥ ተራራው ከሜዳው፣ ምንጩም ከቦዩ ተለያይቶ በተለያየ ማኅበር ሥር የገባበት ቦታ ብዙ ነው። ምድር ግን ወሰን አታውቅም። ላይኛው ማኅበር ዛፉን ቢቆርጥ የታችኛው ማኅበር ምንጭ ይደርቃል። በላይኛው ተረተር ላይ የተለቀቀ ጎርፍ የታችኛውን ማሳ ቦረቦር ያደርገዋል። ይህንን ትስስር ለማየት ከወሰን ድንጋዩ አልፎ የአካባቢውን አጠቃላይ አቀማመጥ መረዳት ያስፈልጋል። የአካባቢ ሥነ ምድር ኮርስ የሚባለውም ይኸው ነው።

ተፍኪ የተቀመጠችበት ምድር

ተፍኪ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ከሰበታ ቀጥላ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ባለ የበቾ ሜዳ ላይ ትገኛለች። በሰሜን በኩል ቁመቱ ከ3,300 ሜትር የሚበልጠው የወጨጫ ተራራ አለ። በስተምሥራቅ ፉሪ ይታያል። ሜዳውን ከግንጪ አካባቢ የሚነሣው አዋሽ እየተጠማዘዘ ያቋርጠዋል።

ይህ ሁሉ እንዲሁ የተደረደረ አይደለም። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነ ከፍተኛ የቅልጥ ዐለት ፍሰት ነበር። ዛሬ ጥቁር ድንጋይ ወይም ባዛልት የምንለው አብዛኛው ከዚያ ዘመን ጀምሮ የፈሰሰ ነው። የእንጦጦ ጋራ የተሠራው ከ22 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ሲሆን ወጨጫና ፉሪ ደግሞ ከነየረር ጋር ከሦስት እስከ አምስት ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው ወጣት እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ከየረር ተነሥቶ በምዕራብ እስከ ቱሉ ወለል የሚዘልቅ የመሬት ስንጥቅ መሥመር መኖሩንም የሥነ ምድር ሊቃውንት መዝግበዋል። የአምቦ ፍል ውሃና ጠበል፣ እንዲሁም የአዲስ አበባው ፍል ውሃ በዚህ አካባቢ መገኘታቸው ምድሪቱ ከሥር ገና ሙቀት እንዳላት ይመሰክራል።

ከተራሮቹ ላይ ዝናብ እየሸረሸረ ያወረደው ደቃቅ አፈር ደግሞ ውሃው ቀስ በሚልበት በሜዳው ላይ ተኛ። መረሬ፣ ዋልካ ወይም በአካባቢው አጠራር ኮቲቻ የምንለው ጥቁር አፈር የተገኘው ከዚህ ነው። ጥቁር ድንጋይ በብዙ ሺህ ዓመታት ፈርሶ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር የሸክላ አፈር ይሆናል። በክረምት ጭቃው በሬውን የሚይዘው፣ በበጋ መሬቱ እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጠቀው፣ የቤት ግድግዳ የሚተረተረው፣ የአጥር ግንድ የሚያጋድለው በዚሁ ባሕርዩ ምክንያት ነው።

ይህ አፈር የተፍኪ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በአገራችን 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት በዚህ ዓይነት ጥቁር አፈር የተሸፈነ ሲሆን ከዚህ ውስጥ ከ7 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሆነው በደጋው ክፍል ይገኛል። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ አፈሩን በእጃቸው እየሳቡ ሰፋፊ መደብ በማውጣት ውሃውን ያጠነፍፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የዓለም አቀፉ የከብት እርባታ ማዕከል ከአገር ውስጥ ተቋማት ጋር ሆኖ ሁለት የአገር ማረሻ በማጣመር መደብ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። የዚህ መሣሪያ መነሻ የእነዋሪ ገበሬ ዘዴ መሆኑን ስናስብ የገበሬው ዕውቀትና የሥነ ምድር ዕውቀት ተጣምረው የት ሊደርሱ እንደሚችሉ እንረዳለን። በአንጻሩ በአንዳንድ የሸዋ ደጋዎች ረግረጋማ መሬት ላይ አፈሩን ከምሮ የማቃጠል ልማድ ነበር። ለአንድና ለሁለት ዓመት ገብስ ያሳምራል፤ ነገር ግን እሳቱ የአፈሩን ብስባሽ ይበላዋል፣ ሸክላውንም ስለሚለውጠው መሬቱ ለብዙ ዓመታት ይደክማል። ልዩነቱን የሚያመጣው የአፈሩን ተፈጥሮ ማወቅና አለማወቅ ነው።

ከላይ ውሃ፣ ከሥር ጥም

በተፍኪ ዙሪያ ከሐምሌ እስከ መስከረም ሜዳው ሐይቅ ይመስላል። አዕዋፍ ይሰፍሩበታል፤ ከመንደር መንደር መሻገር ያስቸግራል። በየካቲትና በመጋቢት ግን እናቶችና ልጃገረዶች ጄሪካን ተሸክመው ረጅም መንገድ ሲሄዱ ይታያሉ። እንግዳ ሰው «ይህን ያህል ውሃ የተኛበት አገር እንዴት ይጠማል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

መልሱ ከማረሻው በታች ነው። መረሬ ውሃውን ከላይ ያቁረዋል እንጂ ወደ ታች አያሳልፈውም። በውስጡ የያዘውንም ቢሆን አጥብቆ ስለሚይዝ ወደ ጉድጓድ በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ በሜዳው መካከል፣ በክረምት ውሃ በተኛበት ሥፍራ፣ «እዚህማ ውሃ አይጠፋም» ተብሎ የሚቆፈር ጉድጓድ ሸክላውን ሳይጨርስ ከቆመ በበጋ ሊደርቅ ይችላል። ሁነኛው ውሃ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከሸክላው ሥር ባለው አሸዋና ጠጠር፣ ወይም በተሰነጣጠቀው ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ነው። በተራራው ግርጌ ደግሞ ውሃ የሚያሳልፈው የተሰነጠቀ ዐለት ውሃ ከማያሳልፈው ዐለት ጋር በሚገናኝበት መሥመር ላይ ምንጭ ይፈልቃል። የወጨጫን ግርጌ ተከትሎ የሄደ ሰው ምንጮቹ እንደ ዶቃ በአንድ ከፍታ ላይ ተደርድረው ሊያገኛቸው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ጸሐፊ ለሥራ በተዘዋወረበት አንድ ቀበሌ ገበሬዎቹ በነፍስ ወከፍ አዋጥተው ያስቆፈሩትን ጉድጓድ አይቷል። ቦታው የተመረጠው ለመኪና መግቢያ ስለሚመች ነበር። ቆፋሪው ያለ ምንም ጥናት «ውሃ አለ» ብሎ ገንዘቡን ተቀበለ፤ ጥቁርና ግራጫ ሸክላ ሲያወጣ ሰንብቶም ትቶ ሄደ። ጉድጓዱ ዛሬ በእሾህ ታጥሯል። በእውነቱ ቆፋሪው ያታለለው ማኅበሩ ሊጠይቅ የሚገባውን ጥያቄ ባለማወቁ ነው። «እስካሁን ያወጣኸው ምን ዓይነት አፈር ነው? ከስንት ሜትር ላይ ተለወጠ? ዐለት ነክተሃል ወይስ አልነካህም?» የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች በሁለተኛው ቀን ቢጠየቁ ኖሮ የብዙ ቤተሰብ ገንዘብ በዳነ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ጥልቅ ጉድጓድ የሚቆፈርበትን ቦታ መምረጥ የባለሙያና የመሣሪያ ሥራ ነው። አምስት ቀን የተማረ የማኅበር መሪ ጂኦሎጂስት አይሆንም። ነገር ግን ባለሙያውን መጠየቅ፣ የተቆፈረውን አፈር በየሜትሩ በተራ አስቀምጦ ማየት፣ የቁፋሮውን መዝገብ ለማኅበሩ እንዲያስቀሩለት መጠየቅ ይችላል። ይህ መዝገብ ለሚቀጥለው ጉድጓድ እንደ ቅርስ የሚቆጠር ነው።

ካባ ሲከፈት

ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎች በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚገኙ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ከተማ ሲያድግ ድንጋይ፣ ጠጠር፣ አሸዋ፣ ገረጋንቲና ውሃ ይፈልጋል። ይህም የሚመጣው ከገበሬው መሬት ነው። በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት ለአገር ውስጥ ባለሀብት የግንባታ ማዕድናት ፈቃድ የሚሰጠው የክልሉ መንግሥት እንጂ ማኅበሩ አይደለም። ቢሆንም ካባ ሲከፈት መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ በቃለ ጉባኤ ላይ የሚፈርመው፣ በኋላም ገበሬው «ለምን ፈቀድክ?» ብሎ የሚወቅሰው የአካባቢው መሪ ነው።

ስለ ድንጋይ የማያውቅ መሪ በዚህ ስብሰባ ላይ ሊናገር የሚችለው ስለ ካሳው ብር ብቻ ነው። የሚያውቅ መሪ ግን ሌላም ይጠይቃል። ድንጋዩ የትኛው ነው? ለጠጠር የሚሆን ጠንካራ ባዛልት ነው ወይስ ለሕንፃ የሚፈለጥ? ውፍረቱ ስንት ሜትር ነው? በስንት ዓመት ያልቃል? ቁፋሮው ከምንጫችን ከፍታ በታች ይወርዳል ወይስ አይወርድም? የሚገፈፈው የላይኛው ለም አፈር የት ይከመራል? ካባው ሲያልቅ ጉድጓዱን ማን ይሞላዋል? አፈሩንስ ማን ይመልሰዋል?

በተለይ የመጨረሻዎቹ ጥያቄዎች ችላ ሲባሉ ጉዳቱ ረጅም ነው። አንድ ክንድ የሚሆን ለም አፈር በተፈጥሮ ለመሠራት ብዙ ሺህ ዓመታት ይፈልጋል፤ ዶዘር ግን በአንድ ቀን ይገፈዋል። ያልተሞላ ካባ በክረምት ውሃ ይይዛል፤ ለሕፃናትና ለከብቶችም የሞት ጉድጓድ ይሆናል። ካሳው በሁለትና በሦስት ዓመት ሲያልቅ ጉድጓዱ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ይህን ስንል ካባ አይከፈት ማለታችን አይደለም። ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ መንገዱም በድንጋይ ነው የሚሠራው። የምንለው መሪው የሚፈርምበትን ነገር አውቆ ይፈርም ነው።

ምድር ስትነቃነቅ

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ የደረሰውን የመሬት መንሸራተት የማያስታውስ የለም። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሐዘኑን ይበልጥ መራራ ያደረገው ብዙዎቹ የሞቱት በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲረባረቡ በተከተለው ሁለተኛ ናዳ መሆኑ ነው። በወቅቱ እንደተገለጸው ከሞቱት መካከል የአካባቢው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ይገኙበታል። እነዚህ ሰዎች ወገናቸውን ለማዳን የሮጡ ጀግኖች ናቸው። የሰው ልጅ ሲጮኽ ቆሞ የሚያይ አንጀት ያለው ማንም የለም። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተንሸራተተ ቁልቁለት ከላይ ያለው ደጋፊ አጥቶ እንደሚቆይና እንደገና ሊወርድ እንደሚችል በየቀበሌው ቢታወቅ ኖሮ ገሚሱ ሕዝብ ከላይ ያለውን ስንጥቅ እየተመለከተ ገሚሱ ሊቆፍር በቻለ ነበር።

የናዳ ምልክቶች ለማየት አስቸጋሪ አይደሉም። በቁልቁለቱ አናት ላይ በግማድ የሚከፈት ስንጥቅ፣ የሚያጋድሉ ዛፎች፣ ጥርት ብሎ ይወርድ የነበረ ምንጭ ድንገት መደፍረሱ፣ ወይም ባልነበረበት ቦታ ውሃ መፍለቁ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ለዚህ ዕውቀት ዲግሪ አያስፈልግም፤ አንድ ቀን በቁልቁለት ላይ ከሚያውቅ ሰው ጋር መዋል ይበቃል።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መጠናቸው ከ5 በላይ የሆኑ የመሬት መንቀጥቀጦች ደርሰው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል። ንዝረቱ በአዲስ አበባም ተሰምቷል። በተፍኪ አካባቢ ያለን ሰዎች ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ብዙ ሩቅ አይደለንም። በዚያን ሰሞን ከመንደር መንደር የተነዛውን ወሬ ለመለየት የቻለ መሪ ስንት ነበር? ሕዝቡ ሲደነግጥ ወደ መሪው ይመለከታል። መሪው ስምጥ ሸለቆ ምን እንደሆነ፣ ምድር ለምን እንደምትነቃነቅ፣ በዚያን ጊዜ ከቤት መውጣት ወይም ከግድግዳ መራቅ እንደሚያስፈልግ ካላወቀ ወሬው ራሱ መሪ ይሆናል።

ኮርሱ እንዴት ይሰጥ?

ይህ ጸሐፊ በዲፕሎማ ትምህርቱ ጊዜ የሥነ ምድር መግቢያ ኮርስ ወስዷል። ከመማሪያ ክፍሉ ይልቅ በአእምሮው የቀረው በመስክ ያየው ነው። ለማኅበር መሪዎች የምናቀርበው ሐሳብም በዚሁ ላይ የተመሠረተ ሲሆን አምስት ቀን ይበቃዋል።

በመጀመሪያው ቀን ድንጋይና አፈርን በእጅ መለየት ይሠራል። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ላይ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ሲል አረፋ እንደሚያወጣ፣ ጥቁር ድንጋይ ግን ዝም እንደሚል ይታያል። እፍኝ አፈር በውሃ ጠርሙስ ውስጥ ተበጥብጦ ሲቀመጥ አሸዋው በመጀመሪያ፣ ደለሉ ቀጥሎ፣ ሸክላው በመጨረሻ ይዘቅጣል። ከዚህም የየማሳው አፈር በምን መጠን ከምን እንደተሠራ ይታወቃል።

በሁለተኛው ቀን ከወጨጫ ወደ ተፍኪ ይወረዳል። ጉዞው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደተተከለ ከሚነገርለት ከመናገሻ ሱባ ደን ይጀመራል። ከጫካው ውስጥ የሚወጣው ውሃ ለምን የጠራ እንደሆነ፣ ከተራቆተው ተረተር የሚወርደው ለምን ቀይ እንደሆነ፣ ድንጋዩና አፈሩ ከከፍታ ከፍታ እንዴት እንደሚለወጥ በየማረፊያው ይታያል። ምንጮቹም በካርታ ላይ ይመዘገባሉ። በዚህ ጉዞ ሴቶች አባላት የግድ መኖር አለባቸው። የትኛው ምንጭ በየትኛው ወር እንደሚቀንስ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለምና።

ሦስተኛው ቀን በሜዳው ላይ ይውላል። ሁለት ሜትር የሚሆን ጉድጓድ አንዱ በመረሬ፣ ሌላው በቀይ አፈር ላይ ተቆፍሮ ግድግዳው ይመረመራል። በሁለቱም ላይ አንድ አንድ ጄሪካን ውሃ ፈስሶ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ በሰዓት ይለካል። ከዚህ በኋላ መደብ ስለማውጣት ብዙ መስበክ አያስፈልግም፤ ሰዓቱ ራሱ ይሰብካል።

በአራተኛው ቀን አዋሽን ተከትሎ ወደ መልካ ቁንጡሬ ይኬዳል። ሥፍራው እ.ኤ.አ. በ1963 ዓ.ም. በአንድ የሆላንድ ተወላጅ የውሃ ባለሙያ ከታወቀ ወዲህ ሲጠና የቆየ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2024 ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አዋሽ በቆረጠው ገደል ላይ ደለል፣ አሸዋና የእሳተ ገሞራ አመድ እንደ እንጀራ ተደራርበው ይታያሉ። በመካከላቸው ከ1.5 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የነበሩ የጥንት ሰዎች ከባዛልትና ከባልጩት የሠሯቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ይገኛሉ። ለገበሬ የዚህ ጉብኝት ትምህርት ከታሪክም ያልፋል። ጎርፍ ያመጣው አፈር እንዴት እየተደራረበ እንደሚሄድ፣ ወንዝም እንዴት መንገዱን እንደሚለውጥ በዓይኑ ያያል። አዋሽ ዛሬም ያው ሥራውን አላቆመም። ከማሳችን አጥቦ የወሰደው አፈር በደለል የተቸገረውን የቆቃን ግድብ ይሞላል።

አምስተኛው ቀን ረጅሙ ጉዞ ነው። በሱሉልታ፣ በፍቼና በጎሐ ጽዮን አድርጎ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወረዳል። የሥነ ምድር ተማሪዎች ከሚወሰዱባቸው የታወቁ ሥፍራዎች አንዱ ይህ ነው። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ሲወርድ ምድር እንደ መጽሐፍ ትገለጣለች። ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም ጂፕሰም፣ ከታች ደግሞ ሌላ የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። የኖራው ድንጋይ ይህ አገር ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በላይ በፊት በባሕር ተሸፍኖ እንደነበረ ምስክር ነው። የሙገር ሲሚንቶም ከዚሁ ዓይነት ድንጋይ ይሠራል። ለአሲዳማ አፈር ማከሚያ የሚሆነው ኖራ ተፈጭቶ የሚወጣውም ከዚሁ ነው። ኖራ ለማሳ ውሰዱ የሚለውን ምክር የሰማ መሪ ድንጋዩን በቦታው ካየው በኋላ ለአባላቱ የሚነግረው እንደ ሰማው ሳይሆን እንዳየው ይሆናል።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

አንዳንድ ሰዎች «ገበሬው ማዳበሪያ ቸግሮት ሳለ ድንጋይ ማየት ምን ይፈይዳል?» ይሉ ይሆናል። የማዳበሪያ ችግር እውነት ነው። ነገር ግን በተኛ ውሃ ላይ የተበተነ ማዳበሪያ ከውሃው ጋር ይሄዳል፣ ወይም ወደ አየር ይተናል። አፈሩን ሳያውቁ ማዳበሪያ መበተን ሕመሙን ሳይለዩ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው።

ሌሎች ደግሞ «አስተማሪ ከየት ይመጣል?» ይሉ ይሆናል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ትምህርት ቤት ከተፍኪ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይርቅም። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ፖል ሞር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያን ሥነ ምድር የሚገልጽ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋቋመው የጂኦሎጂ ጥናት ድርጅትም የአዲስ አበባን አካባቢ ጨምሮ በ1፡250,000 መስፈርት የተሠሩ ካርታዎችን አውጥቷል። ዕውቀቱ አለ። ጉድለቱ ከቢሮ መሳቢያ አለመውጣቱና የተጻፈው በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ካርታዎቹ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በቀላል ቋንቋ ተብራርተው በየቀበሌው ግድግዳ ላይ ቢለጠፉ ወጪው ከአንድ ቀን ስብሰባ ወጪ አይበልጥም። ኮርሱም በተፍኪ ዙሪያ በአፋን ኦሮሞ መሰጠት አለበት። ሰው የሚጠይቀው በሚያስብበት ቋንቋ ነውና።

«ወጪስ?» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። የማኅበር መሪዎች በየዓመቱ ለልዩ ልዩ ሥልጠና ይጠራሉ። ቀኑን ሙሉ በአዳራሽ ተቀምጠው፣ ሻይ ጠጥተው፣ አበል ተቀብለው ይመለሳሉ። ሥልጠናው ስለ ምን እንደነበረ በሳምንቱ ሲጠየቁ የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው። ከእነዚህ ሥልጠናዎች የአንዱ ገንዘብ ለአውቶቡስ ነዳጅና ለስንቅ ቢውል ይበቃል።

ጊዜውም አለ። ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት አውድማው ተወቅቶ ያልቃል፣ መሬቱ ይደርቃል፣ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ወንዙ ይጎድላል። ምድር ውስጧን የምታሳየው በዚህ ወቅት ነው።

ምን ይደረግ?

በመሆኑም የሚከተሉትን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ማኅበራት በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያቸው ይህንን ጉዳይ አጀንዳ አድርገው ይነጋገሩበት። በአንድ ተፋሰስ ውስጥ ያሉ ማኅበራትም በጋራ ጥያቄያቸውን ለወረዳው ግብርናና ውሃ ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ያቅርቡ። ሁለተኛ፣ ወረዳው ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተነጋግሮ በየበጋው ለመስክ ጉዞ የሚወጡ ተማሪዎች አንድ ቀን ከገበሬዎች ጋር እንዲውሉ ያድርግ። ተማሪውም ከገበሬው ብዙ ይማራል። ሦስተኛ፣ ኮርሱ እስኪጀመር ድረስ መጠበቅ ስለማያስፈልግ ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ማኅበር አንድ ደብተር ይክፈት። በውስጡም በቀበሌው የተቆፈረ ጉድጓድ ሁሉ በስንት ሜትር ምን አፈር እንደወጣበት፣ ውሃው የት ላይ እንደተገኘ፣ ምንጮች በየወሩ እንዴት እንደሚውሉ፣ ካባ የተከፈተበት ቦታና ቀን ይመዝገቡ።

ይህ ደብተር ከአምስት ዓመት በኋላ ለማኅበሩ ከፍተኛ ሀብት ይሆናል። ቆፋሪ ሲመጣ ይገለጣል። ባለሀብት ሲመጣ ይገለጣል። መሪው ሲለወጥም ዕውቀቱ ከእርሱ ጋር አይሄድም፤ ለተተኪው ይተላለፋል። የደብተሩ ዋጋ ከአንድ ኪሎ ስኳር አይበልጥም፤ ሥራው ግን ጸሐፊው የጉባኤውን ቃል እንደሚመዘግብ በትጋት መያዝን ይጠይቃል። መጪው በጋ ሳይደርስ እንጀምረው።